መብረቁ ይቃጠላል፣ ተወርዋሪው ኮከብ ጭራሽ አይወጣም፦ የቱን ቅንብር ልቀይር?

ጀማሪ_ትራይፖድ

ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ነው (ክሮፑ፣ ማለትም ከሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያነሰበት እጥፍ፣ 1.5)። ሌንሶቹ 18–55 ሚ.ሜ ኤፍ/3.5–5.6 እና 35 ሚ.ሜ ኤፍ/1.8 ናቸው። ለመብረቅም ለተወርዋሪ ኮከብም የምጠቀመው አንድ ቅንብር ነው፦ 18 ሚ.ሜ፣ ኤፍ/3.5፣ አይኤስኦ 800፣ 30 ሰከንድ። መብረቁ ከነደመናው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ተወርዋሪው ኮከብ ደግሞ በዓይን እየታየ ፎቶው ላይ የለም። መብረቁን ለማዳን ጊዜውን ወደ 5 ሰከንድ ላውርደው? ኮከቡን ለመያዝስ ወደ 60 ላሳድገው?

ነጎድጓድ_ፎቶ

ወንድሜ፣ ጊዜውን ተወው፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለም። መብረቅ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) 5 ሰከንድም ተከፈተ 30፣ ከዚያ ብልጭታ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያው ነው። የመብረቁን ድምቀት የሚወስኑት አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) እና አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ናቸው። ጊዜው የሚለውጠው የጀርባውን ሰማይና መሬት ድምቀት፣ እንዲሁም አንድ ፎቶ ላይ ስንት መብረቅ እንደሚሰበሰብ ነው።

ለሌሊት መብረቅ ከአይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8 እና 15 ሰከንድ ጀምር። ይህ ብቻ ብልጭታውን አሁን ካለህበት ወደ 40 እጥፍ ያጨልመዋል። ማዕበሉ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ ወደ ኤፍ/5.6 ክፈት። መስመሩ ወፍሮ ቅርንጫፎቹ ከጠፉ ወደ ኤፍ/11 ዝጋ፤ እንደ ክር ከቀጠነ ግን አብዝተህ ዘግተሃል። ጊዜውን የምትቀንሰው የመንገድ መብራት ሰማዩን ብርቱካናማ ሲያደርገው ብቻ ነው።

ብልጭታውን አይቶ መጫን አያዋጣም፤ ጣትህ እስኪደርስ መብረቁ አልፏል። ካሜራውን ተከታታይ ማንሻ ላይ አድርገህ የሪሞቱን ቁልፍ ቆልፈው፤ አንዱ ፎቶ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ትራይፖዱ እስካልተነቃነቀ ድረስ ከተለያዩ ፎቶዎች ያገኘኸውን መብረቅ በኋላ በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም በ«ላይትን» ሞድ (ከየፎቶው ደማቁን ብቻ በሚያስቀር) ደራርበህ አንድ ማድረግ ትችላለህ።

ይህን ደግሞ ሳልል አላልፍም። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ቆጥረህ ለ3 ብታካፍለው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛለህ። 30 ሰከንድ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ዕቃውን ተወውና ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግባ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጣ። ከዚያ በላይ መራቅም ዋስትና አይሆንም፤ መብረቅ ዝናቡ ካለበት 15 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጥርት ካለ ሰማይ ሥር ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው በተዘጋ መስኮት በኩል ማንሳትን የምመርጠው፦ የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ ሌንሱን መስታወቱ ድረስ አስጠጋ፣ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍን።

ሌሊት_ሰማይ

ተወርዋሪ ኮከብም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው፤ መፍትሔው ግን ተቃራኒ ነው። ኮከቡ ሴንሰሩ ላይ እየሮጠ ስለሚያልፍ አንዱ ፒክስል ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። 60 ሰከንድ ብትከፍት የሚደምቀው መስመሩ ሳይሆን ሰማዩ ነው፤ ሰማዩ ሲደምቅ ደግሞ ደካማውን መስመር ይውጠዋል።

ሌንሶችህን ለማወዳደር የሚ.ሜ ቁጥሩን ለኤፍ ቁጥሩ ካሬ አካፍል። 18 ሲካፈል ለ3.5 ካሬ ወደ 1.5 ይሰጣል፤ 35 ሲካፈል ለ1.8 ካሬ 10.8። ስለዚህ ባለ 35ቱ መስመሩን 7 እጥፍ ያህል ያደምቀዋል። የሚያየው ሰማይ ወደ ሲሶ ይጠብባል፣ ግን ደካማ ተወርዋሪ ኮከቦች ከደማቆቹ በቁጥር እጅግ ስለሚበልጡ ኪሳራው ይካካሳል።

ቅንብሩ፦ 35 ሚ.ሜ፣ ኤፍ/1.8፣ አይኤስኦ 3200፣ 8 ሰከንድ፣ ራው (ያልተጨመቀው የካሜራው ጥሬ ፋይል)። ስምንቱ የመጣው 500ን (በከዋክብት ፎቶ የተለመደ መነሻ ቁጥር) ለ35×1.5 (ሚ.ሜው በክሮፑ ተባዝቶ) በማካፈል ነው፤ ውጤቱ 9.5 ነው። ከዚያ ካለፈ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ።

ኢንተርቫሎሜትር (ካሜራውን በየተወሰነ ጊዜ ራሱ እንዲያነሳ የሚያደርገው) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙ ካሜራዎች ክፍተቱ የሚቆጠረው ከአንዱ ፎቶ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ነው። ለ8 ሰከንድ ፎቶ 1 ሳይሆን 9 ሙላ፤ አለዚያ ፎቶ ይዘላል። በ9 ሰከንድ በሰዓት 400 ፎቶ ይሆናል፤ አንዱ ራው 30 ሜጋባይት ቢሆን በሰዓት 12 ጊጋባይት ማለት ነው። የረጅም ፎቶ ኖይዝ ቅነሳውንም አጥፋ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሹተሩን ዘግቶ እኩል ርዝመት ያለው ጥቁር ፎቶ ስለሚያነሳ የሌሊቱን ግማሽ ይበላብሃል።

ጊዜው፦ በየዓመቱ ከሚመጡት የተወርዋሪ ኮከብ ዝናቦች ፐርሲድስ ኦገስት 12–13፣ ጀሚኒድስ ዲሴምበር 13–14 ይደምቃሉ። ጀሚኒድስ የሚፈልቁበት ነጥብ ከፍ የሚለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ስለሚሄዱ፣ 59 ከሚሄዱት ፐርሲድስ ይልቅ ለካሜራ ይመቻሉ። ሌንሱን ወደ ነጥቡ ቀጥታ አታዙር፤ እዚያ መስመሮቹ አጫጭር ናቸው። ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ራቅ በል። ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ግን የዚያ ዓመቱን ብትዘለው ይሻላል።

ፎከስ_ጠባቂ

ኤፍ/1.8 ላይ አንድ ማረሚያ አለኝ። በብዙ ሌንሶች ሙሉ ሲከፈት ጠርዝ ላይ ያሉ ከዋክብት ክንፍ ያወጣሉ፤ ለዚህም ኤፍ/2.8 ላይ ዝጋ ይባላል። ለፍኖተ ሐሊብ ልክ ነው። ለተወርዋሪ ኮከብ ግን ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ትጥላለህ። ኤፍ/2 ላይ ብታቆም የምታጣው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፣ ጠርዙም ይሻሻላል።

ፎከስ፦ አውቶውን አጥፋ። በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ እያየህ) በጣም ደማቅ ኮከብ ፈልገህ 10 ጊዜ አጉላው፤ ነጥቡ በጣም እስኪያንስ አዙር፣ አሳልፈው፣ ተመለስ፣ ቀለበቱን በፕላስተር ያዘው። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የ∞ ምልክት አትመን፤ ብዙ ሌንስ ከዚያ አልፎ ይዞራል። ብርዱ ሲጨምር ፎከሱ ስለሚንሸራተት በየሰዓቱ ፈትሸው። ለመብረቅ ኮከብ ከሌለ ሩቅ ያለ አምፖል ይበቃል። ትራይፖድ ላይ ስትሆን የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ።

ሌሊቱን ሙሉ የሚያበላሸው ጤዛ ነው። ብርጭቆው አንዴ ላብ ካወጣ መጥረግ ትርፉ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዩኤስቢ የሚሞቅ ቀበቶ ከፊተኛው ብርጭቆ ጀርባ ጠምጥመህ ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት አብራው።

ጀማሪ_ትራይፖድ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ፎቶው ላይ መስመር ሲገኝ ተወርዋሪ ኮከብ ይሁን ሳተላይት በምን ይለያል?

ሌሊት_ሰማይ

ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ፎቶዎች ክፈት። መስመሩ እዚያም ከቀጠለ ሳተላይት ነው፤ በመብራት ነጠብጣብ ከተሠራ አውሮፕላን ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ቀጥኖ ጀምሮ፣ ወፍሮ፣ እንደገና ቀጥኖ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቅርጹ ብቻውን አያስተማምንም፤ ፀሐይ ሲመታው የሚያበራ ሳተላይትም እንዲሁ ይወፍራል። ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ ካገኘህ ደግሞ ቀጣዮቹን ፎቶዎች እንዳትሰርዝ፤ አንዳንዴ በመስመሩ ቦታ ላይ ጭስ የመሰለ ቀጭን ብርሃን ቀርቶ በላይኛው ነፋስ እየተጣመመ ለደቂቃዎች ይታያል።