ከጀርመን ወደ እማዬ አካውንት፦ አይባን ከየት ላምጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። እማዬ ንግድ ባንክ አካውንት አላት። ገንዘብ ልልክላት ብል የባንኬ ፎርም አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥር) ካልሞላሽ አላሳልፍም አለኝ። ደብተሯን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልኛለች፣ አይባን የሚል ነገር ግን የለውም። ምን ልሙላ?

መልስ 1፦ እህቴ አትድከሚ፣ ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። ከአውሮፓ ውጭ የሚላክበትን ፎርም ክፈቺና በ1000 የሚጀምረውን 13 አሃዝ የሂሳብ ቁጥር አስገቢ። ስዊፍት ኮዱ፣ ማለትም የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ፣ ሲ ቢ ኢ ቲ ኢ ቲ ኤ ኤ (CBETETAA) ነው።

መልስ 2፦ ስሙን አደራ! ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈው፣ እስከ አያት። እኔ የአባቴን ስም በአንድ ፊደል አሳስቼ፣ ገንዘቡ ከስንት ቀን ጭንቀት በኋላ ተቆራርጦ ተመለሰልኝ።

መልስ 3፦ ክፍያውን ማን ይሸፍን ሲልሽ ላኪ በይ፤ አለዚያ መሃል ያሉት ባንኮች ከእማዬ ድርሻ ይቆርጣሉ።

ጠያቂዋ፦ አለፈልኝ! ተባረኩ።