የዶክትሬት ነርሶችን «ውጤት መለካት» እንዴት ነው የምታስተምሩት?

ጥያቄ፦ ሲስተር ዘሜክሲኮ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ነርሲንግ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለዶክትሬት ተማሪዎች ውጤት መለካት የሚባለውን ኮርስ ያዝኩ፣ ካሪኩለሙ የአሜሪካውን ዲኤንፒ (የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት) ይከተላል። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ብዙዎቹ ዋርድ ላይ የከረሙ። ፕሮፖዛል ሲያመጡ ግን «ለነርሶቹ ስልጠና ተሰጠ፣ የፈተና ውጤታቸው ጨመረ» ብለው እዚያው ያቆማሉ። ታካሚውስ ምን ሆነ ስላቸው ዝም! የሕክምና ጥራት ተመራማሪው ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 የጥራት መለኪያን መዋቅር፣ ሂደት፣ ውጤት ብሎ የከፈለውን በቃላቸው ይወጡታል፣ ከራሳቸው ሥራ ጋር ግን አያገናኙትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የዋርድ ሰው፣ ልደታ
ሲስተርዬ፣ ከስላይድ አትጀምሪ። ዋርድ ይዘሻቸው ግቢና አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩ፣ ለምሳሌ የአልጋ ቁስል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ወዲያው ጥያቄው ይመጣል። ታካሚው ሲገባ ይዞት የመጣውን እንቆጥራለን? አንቆጥርም፣ እኛ ጋ የወጣውን ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ ሲገባ ቆዳው ታይቶ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ መለየት አይቻልም። ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ቁስል መቅላት ነው ይላል መጽሐፉ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ነክቶ ሙቀቱን፣ ጥንካሬውን፣ ሕመሙን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ማካፈያው አለ። በ600 የታካሚ ቀን (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ይባላል) 3 አዲስ ቁስል ካለ፣ በ1000 ሲሰላ 5 ነው። ይሄን በእጁ የሠራ ተማሪ «ስልጠና ተሰጠ» ብሎ አያቆምም።

መልስ፦ ባህር ማዶ ያለሁ
ዲኤንፒ እዚህ አሜሪካ ነው የተማርኩት። የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ነው ለከፍተኛ ክሊኒካል ነርሶች ዲኤንፒ ይሁን ያለው፣ በ2006 ደግሞ መመዘኛዎቹን አወጣ። ከባችለር በኋላ ቢያንስ 1000 የተግባር ሰዓት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2021ዱ መመሪያ በ10 ዘርፎች ተከፍሎ ተማሪው መሥራት መቻሉን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ስለዚህ አንቺም ውጤት መለካት «ምን እንደሆነ ግለጽ» ብለሽ አትፈትኛቸው። የተዝረከረከ የዋርድ ዳታ ስጫቸውና ቤዝላይን (ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን መነሻ ቁጥር) ያውጡ፣ ራን ቻርት (ቁጥሩ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚታይበትን ግራፍ) ይሳሉ፣ ከመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን 6 ነጥብ ተከታትሎ ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ አፋቸውን ሞልተው ይንገሩሽ። ከፒኤችዲው ጋርም አታምታቺው፣ ፒኤችዲ አዲስ እውቀት ፍለጋ ነው፣ ዲኤንፒ ያለውን እውቀት አልጋው ጋ ማድረስ።

መልስ፦ ኳሊቲ ክፍል
በሁለቱም እስማማለሁ፣ ግን የሂደት መለኪያን አትናቁብኝ። አንድ ሴሚስተር አጭር ነው። ቁስሉ እስኪቀንስ ላይደርሱ ይችላሉ። «በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ ካለባቸው ስንቱ ተገላበጡ» የሚለው ግን ቶሎ ይታያል፣ ከታካሚው ጋርም በቀጥታ ይያያዛል። የስልጠና ፈተና ግን አይያያዝም። ሌላው፣ ነርሶቹ ሲሰለጥኑ ቁስል መመዝገብ ስለሚጀምሩ ቁጥሩ መጀመሪያ ከፍ ሊል ይችላል። ተማሪው ይህን ቀድሞ ካላወቀ ደንግጦ ፕሮጀክቱን ይጥለዋል፣ ወይ ደግሞ ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ይሄ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ማርኩን ቁጥሩ ስለወረደ አትስጪ፣ በትክክል ስለለካ ስጪ።

ጠያቂ፦ ሲስተር ዘሜክሲኮ
እግዜር ይስጥልኝ! የማርኩን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፣ መመዘኛውን ዛሬ ማታ እቀይራለሁ። ዋርድ ለመግባት ከሄድ ነርሷ ሌላ ማንን ላስፈቅድ?

መልስ፦ የዋርድ ሰው፣ ልደታ
ሜትረኗንና ካርድ ክፍሉን። የታካሚ ስም እንደማይገለበጥ በጽሑፍ ስጫቸው፣ ያኔ ይተባበሩሻል።