የቪትዜን ካታሊቲክ (የጭስ ማጣሪያ) ውስጡን ላስወጣው? ቦሎ ደርሶብኛል (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ባለ 1000 ሲሲ። ከሁለት ወር ወዲህ ጉልበቷ ጠፍቷል። ከተማ ውስጥ ሜዳው ላይ ትሄዳለች፣ ቤዛዊት ዳገት ላይ ግን ሁለት ሰው ከኋላ ከተቀመጠ እየተንቀጠቀጠች ነው የምትወጣው። የቼክ ኢንጂን መብራትም በርቷል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኮምፒውተር ሰክተው ፒ0420 የሚል ኮድ አወጡ፣ ሌላም ኮድ ነበረ ግን አልጻፍኩትም።

መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና "ካታሊቲኩ ተደፍኗል፣ ፈተን ውስጡን ሰብረን እናውጣው፣ ባዶውን ቆርቆሮ መልሰን እንበይደዋለን፣ ማንም አያውቅም" አለኝ። የእጅ ዋጋ አልፈልግም፣ ከውስጥ የሚወጣውን ብቻ እወስዳለሁ ሲለኝ ግን ልቤ ተጠራጠረ። ቆሻሻ ከሆነ ለምን ይፈልገዋል?

የሚቀጥለው ወር ዓመታዊ ምርመራ አለብኝ። ካስወጣሁት ያልፋል? ጉልበቷስ በእውነት ይመለሳል? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በሷ ነው።

መካኒክ ቀበሌ 14

ወንድሜ፣ እንዳታስነካት። የሚወስደው ነገር ቆሻሻ አይደለም። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ነው፣ ሸክላው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። ሦስቱም ውድ ማዕድን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሮዲየም ከወርቅ ከ10 እጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። የእጅ ዋጋውን ከዚያ ነው የሚያገኘው።

አሁን ወደ መኪናህ ልምጣ። ካታሊቲክ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አይሞትም፣ የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ካንዴላ ወይም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ወርዶ እዚያ ውስጥ ይነዳል፣ ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ሸክላው ቀልጦ ይዘጋል። ዘይት የሚበላ ሞተርም በአመዱ ይደፍነዋል። ስለዚህ ላንተ ዋናው ያልጻፍከው ሁለተኛው ኮድ ነው! ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች ስትል እኔ መጀመሪያ የማስበው ኮይል ነው።

ደግሞ ፒ0420 ማለት "ተደፍኗል" ማለት አይደለም። የኋለኛው (ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው) ኦክስጅን ሴንሰር "ጋዙ በደንብ እየተጣራ አይደለም" እያለ ነው። መደፈኑን ማወቅ ከፈለግህ የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር አስፈትተህ በቦታው የግፊት ጌጅ አስገጥም። ሚኒሞ ላይ (ቆመህ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ) ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) መብለጥ የለበትም፣ በ2500 ዙር ከ3 ካለፈ በእርግጥ መውጫው ጠቧል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይለካ በዓይኑ አይቶ ተደፍኗል የሚልህን አትመን።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ባለ 1000 ሲሲ ሞተር እዚህ እንደ ጅቡቲ አይጎትትም፣ ካታሊቲክ ኖረም አልኖረም። ጤነኛ ካታሊቲክ ብታወጣ የምታገኘው ጉልበት እግርህ የሚለየው አይደለም።

የአባይ ማዶ እናት

እኔ አስወጥቼው ነበር፣ ስለዚህ የደረሰብኝን ልናገር። መጀመሪያ ሳምንት ደስ አለኝ፣ ቀለል ያለች መሰለኝ። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ግን አልጠፋም፣ ኮዱን ባስጠፉት ቁጥር ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ይበራል። ድምፅዋ ተለወጠ። ከሁሉ የባሰው ብየዳው በደንብ አልተዘጋም ነበርና ጋዙ ከሥር እያመለጠ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮት ዘግተን ስንሄድ ትንሿ ልጄ ራሴን አመመኝ ትለኛለች፣ እኔ ቁርስ ስላልበላች ነው እያልኩ ስንት ቀን አለፈ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምርመራው ላይ ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ መሪዋ አለፈ። ማርሚታው ጫፍ ላይ መለኪያ ሲያስገቡ ግን ወደቀች። ያገለገለ ካታሊቲክ ፈልጌ ለማስገጠም ያወጣሁት ብር ኮይልና ካንዴላ አራት ጊዜ ይቀይር ነበር። እባክህ ልጆች ይዘህ አትሞክረው።

ታና ዳር

ሰው ሲያካብድ እኮ! እኔ ባዶውን ሦስት ዓመት ነድቻለሁ ምንም አልሆንኩም፣ ቦሎም በየዓመቱ አግኝቻለሁ። አይሱዙው ጥቁር ጭስ እየተፋ በከተማው መሀል ሲያልፍ ማን ጠየቀው? እኛ የቤት መኪና ይዘን ነው የምንሰቃየው?

መካኒክ ቀበሌ 14

ታና ዳር፣ አይሱዙውም ሊጠየቅ ይገባል፣ እስማማለሁ። ግን የናፍጣው ጭስ ይታያል፣ ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ ዞር ይላል። ያንተ አይታይም። ምሽት ላይ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሐይቁ የሚሄደውን ሕዝብ፣ አደባባዩ ላይ ተሰልፎ የቆመውን የባጃጅ ሹፌር አስበው። ካታሊቲክ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልነደደውን ቤንዚን ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጅን ነው የሚለውጠው። አንተ ስላወጣኸው መርዙ የትም አልሄደም፣ ከኋላህ ያለው ሰው ነው የሚስበው።

ከለንደን

ልጅነቴን እዚያው ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። የእዚህን ሕግ ልንገራችሁ። ከፋብሪካ ካታሊቲክ ይዞ የወጣ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ላይ ካታሊቲኩ ከሌለ ይወድቃል። በዚያ ላይ ጋዙ ይለካል፤ የአብዛኛው መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሚኒሞ ላይ ከ0.3 በመቶ፣ ዙር ከፍ ሲል ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ያለ ካታሊቲክ ለተሠሩት ለ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መኪኖች የተፈቀደው 3.5 በመቶ ነው። ያቺ ሸክላ ምን ያህል እንደምትሠራ ከዚህ ቁጥር ይታያችሁ። አሜሪካም ካታሊቲክ እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ የተለመደ ነው፣ መንቀልም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

እዚህ ሌቦች ሌሊት ከመኪና ሥር ገብተው በመጋዝ ቆርጠው ይወስዱታል። የኔም አንድ ቀን ተወስዷል። ሰው ለማዳን የሚታገለውን አንተ በፈቃድህ አትስጥ። ምርመራ ስትገባ ደግሞ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ ግባ፤ ካታሊቲክ 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ በቅጡ አይሠራም፣ ደህናው መኪና በብርድ ሊወድቅ ይችላል።

የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባይ ማዶዋ እህቴ፣ የልጅሽን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፣ እንኳን ተረፈች።

ሌላ ጋራዥ ወስጄ ሁለተኛውን ኮድ አስነበብኩት፤ ፒ0302። ሁለተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው አሉኝ። ኮይሉ ሞቷል፣ ካንዴላዎቹም አልቀው ነበር፣ ሁሉንም ቀየርኩ። ግፊቱንም አስለካሁ፣ ሚኒሞ ላይ 1 እንኳን አልሞላም። አልተደፈነም! ጤነኛ ዕቃ ሊሰበርብኝ ነበር።

ትናንት ባለቤቴንና ልጆቹን ይዤ ቤዛዊት ወጣሁ፣ አልተንቀጠቀጠችም። ፒ0420ም ኮዱ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፣ እስካሁን አልተመለሰም። ማክሰኞ ምርመራ እገባለሁ፣ እስከ መሸንቲ ደርሼ እየተመለስኩ ሞተሩ እንደሞቀ ነው የምገባው። የጋዙን ቁጥር ወረቀት ከሰጡኝ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።