ፑተር በቁመት ልክ መሆኑ ለውጥ ያመጣል ወይስ የኔ ሰበብ ነው?

ሒሳብ ሹሟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎልፍ ጀማሪ ነኝ። ቤተሰብ ውስጥ ይህን ስናገር የሚስቀው ስለሚበዛ እዚህ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ክለቦቹን (የኳስ መምቻ ዱላዎቹን) የገዛሁት ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነው። ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ መጋረጃውን ሲሸጥ የጎልፍ ቦርሳውም ጥግ ቆሞ ነበር፤ ከነሙሉ ዕቃው በአንድ ዋጋ ተስማማን። ሰውየው ቁመቱ የበር መቃን የሚያክል ነው፣ እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። ሌሎቹ ክለቦች ለጊዜው አላስቸገሩኝም፣ ወይም ገና ችግራቸውን አላወቅኩም። ፑተሩ፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልሉበት ክለብ፣ ግን በሜትር ስለካው 89 ሴንቲ ሆነ፣ 35 ኢንች መሆኑ ነው። ኳሱ ላይ ስቆም የእጀታው ጫፍ ሆዴን ይነካኛል። ሹራብ የለበስኩ ቀንማ ሹራቡ ውስጥ ይሰነቀራል። እንዳይነካኝ ስል ክርኖቼን ወደ ጎን እከፍታለሁ፣ ወይም ከኳሱ ርቄ እቆማለሁ።

ማታ ሰው ሲወጣ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስተኝቼ እለማመዳለሁ። ጥበቃችን ጋሼ በዚያ ሲያልፉ «ዛሬስ ስንት ገባ?» ይሉኛል። ከአንድ ሜትር ጥሩ ነኝ። ከሁለት ሜትር በላይ ሲሆን ግን ወደ ግራ ይሄድብኛል፣ ቅዳሜ ጎልፍ ክለብ ስሄድም ያው ግራ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄን ጣዪውና ያንን ትልቅ ራስ ያለውን፣ ማሌት የሚሉትን፣ ከውጭ አስመጪ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ከደመወዜ በልጦ አገኘሁት። ሌላው ደግሞ «የሚችል ሰው በመጥረጊያ እንጨትም ያስገባል» ብሎ ዘጋኝ። የቱን ልመን?

ቀኝ እጅ፦

ሁለተኛው ልክ ነው። ታይገር ውድስ ካሸነፋቸው 15 ትልልቅ ውድድሮች 14ቱን ስኮቲ ካሜሮን በሚባል ሥሪት አንድ ፑተር ነው የጨረሰው። ዕቃ እየቀያየሩ የተለማመዱ መምሰል ይቅር። ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ።

የድሮ ካዲ፦

ቀኝ እጅ፣ ወንድሜ፣ የታይገርን ነገር ካነሣህ አይቀር እስከ መጨረሻው አንሣው። ያ ፑተር እኮ ለእሱ የተለካ፣ እሱ የመረጠው ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ሽያጭ ላይ ከፍሪጅ ጋር አላገኘውም።

እህቴ፣ እኔ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ነው ያደግኩት። ገና ልጅ ሆኜ ጎልፍ ክለብ ቦርሳ ተሸክሜያለሁ፤ ለአምባሳደርም ለነጋዴም ለአብራሪም። አሁን ለገሃር ትንሽ ሱቅ አለኝ፣ ግን ፑተር አያያዝ ሳይ እስካሁን ዓይኔ እዚያው ይቀራል። ካዲ የሚያየው ተጫዋቹ ራሱን ከማያይበት ከኋላ ነው። ከዚያ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ውድ ፑተር ይዞ በየጉድጓዱ ሦስት ጊዜ የሚመታ ብዙ ነው። ባልተስማማው ቁመት ጎንበስ ብሎ፣ ወይም ተንጠራርቶ፣ በደንብ የሚያስገባ ግን እምብዛም አላየሁም።

መጀመሪያ ለምን ከአንድ ሜትር እንደሚገባልሽና ከሁለት እንደማይገባልሽ። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 5 ሴንቲ ተኩል እንኳ አይሞላም። (የሻይ ብርጭቆሽ ደግሞ ከዚህ በጣም ይጠብባል፣ ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ራስሽን አትውቀሺ።) የፑተሩ ፊት ኳሱን ሲነካ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞርብሽ በአንድ ሜትር ላይ ኳሱ 1.7 ሴንቲ ይስታል፤ ይገባል፣ አንቺም ምንም አልታወቀሽም። በሦስት ሜትር ያው አንድ ዲግሪ 5.2 ሴንቲ ይሆናል፣ ከንፈሩን ልሶ ይገባል ወይም ይወጣል። በአራት ሜትር 7 ሴንቲ፣ አለቀ። ሜዳ ላይ ከሁለት ሜትር ወደ ግራ የምትስቺ ከሆነ ፊቱ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ተዘግቶብሻል ማለት ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ስህተቱ ከአንድ ሜትርም ላይ አለ፣ ርቀቱ ነው የገለጠው።

ያ ዲግሪ ተኩል ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሚነግርሽ «ፑተሩ ስለረዘመ ከአንቺ የራቀው የፑተሩ ራስ ጫፍ ከመሬት ይነሣል፣ ጫፉ ሲነሣ ፊቱ ወደ ግራ ያያል» ነው። እውነት ነው፣ ግን ትንሽ እውነት። የፑተር ፊት ወደ ላይ ያዘነበለው 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እሱም ኳሱ ሣሩ ላይ በራሱ ክብደት ከሠራት ትንሽ ጎድጓዳ ወጥቶ እንዲንከባለል ነው። ማዘንበሉ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ጫፉ 5 ዲግሪ ቢነሣ እንኳ ፊቱ ወደ ግራ የሚዞረው የአንድ ዲግሪ ሲሶ ያህል ነው። በሁለት ሜትር ላይ 1 ሴንቲ። በዚህ ብቻ አትስቺም።

የሚያስትሽ የጻፍሽው ነገር ነው፦ ሆድሽ። እጀታው ሆድሽ ጋ ሲደርስ እጅሽ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ትከሻሽ መሥራቱን ይተውና የእጅ አንጓሽ ይታጠፋል። ቀኝ አንጓ ቀድሞ ሲገፋ ፊቱ ይዘጋል። ግራ! ሽሽት ብለሽ ከኳሱ ስትርቂ ደግሞ ዓይንሽ ከኳሱ መስመር ውስጥ ይገባል፣ መስመሩን ከጎን ሆነሽ ነው የምታዪው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፦ ልኩ ለውጥ ያመጣል፣ በጣም። ዋጋው ግን አያመጣም።

ባልደረባሽን እንዳላስቀይም፣ ስለ ዋጋው ምክንያቴን ልበል። ካርስተን ሶልሃይም የሚባል የጄነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በፈረንጅ በ1959 ፒንግ የሚባለውን ፑተር ሠራ፣ ስሙም ኳስ ሲመታ ከሚያሰማው ድምፅ የመጣ ነው። በ1966 አንሰር የሚባለውን አወጣ፣ ክብደቱን ከመሐል አንሥቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ያከፋፈለ፤ ኳሱን ከመሐል ትንሽ ወጣ አድርገሽ ብትመቺው እንኳ የፑተሩ ራስ እንዳይጣመም። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፣ ያልቀዳው ፋብሪካ የለም። ቦርሳሽ ውስጥ ያለው አሮጌ ፑተር ከኋላው ጎድጎድ ብሎ ሁለት ጎኑ ወፈር ካለ፣ ሐሳቡ እጅሽ ላይ ነው ያለው። ከውጭ የምታስመጪው ምንድን ነው ታዲያ?

እኔ ብሆን አስቆርጠዋለሁ።

ሒሳብ ሹሟ፦

ጋሽ ካዲ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ወርጄ አየሁት፣ ከኋላ ጎድጎድ ያለ ነው። ግን «አስቆርጠዋለሁ» ያሉት ደንግጬበታለሁ። የት? በምን? ስንት ሴንቲ? ደግሞ ሆዴን መንካቱ በሕጉ ያስቀጣኛል የሚል ሰው አለ።

ካሳንቺስ 4ኛ ፎቅ፦

ሳትቆርጪ ቆይ! እኔ ከጋሽ ካዲ ጋር በግማሹ አልስማማም። ለጀማሪ የፑተሩ ራስ ቅርጽም ልዩነት አለው። ማሌቱ ክብደቱ ወደ ኋላና ወደ ጎን ርቆ ስለሚቀመጥ ከመሐል ስተሽ ስትመቺ ብዙ አይዞርም፤ ላዩ ላይ ያለው ረጅም መስመርም ለማነጣጠር ያግዛል። ጃክ ኒክላውስ በ1986 በ46 ዓመቱ ማስተርስን ሲያሸንፍ የያዘው ሰው የሳቀበትን ትልቅ ራስ ያለው ፑተር ነው። ስኮቲ ሼፍለር በመጋቢት 2024 ወደ ማሌት ቀይሮ አርኖልድ ፓልመር የሚባለውን ውድድር ወዲያው አሸነፈ፣ ቀጥሎ ፕሌየርስ የሚባለውን፣ በሚያዝያ ማስተርስን። ፑተር እየሳተበት ሲቸገር የነበረ ሰው እኮ ነው።

የድሮ ካዲ፦

ካሳንቺስ፣ የሼፍለሩ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ አልክድም። ማሌት ይቅር ባይ ነው። ግን ሼፍለር 1 ሜትር ከ91 ነው፣ የተሰጠው ማሌትም ለእሱ ቁመት ነው። ለእህታችን 35 ኢንች ማሌት ብትገዛላት ያው ሆዷ ላይ ነው የሚደርሰው፣ በብዙ ብር። መጀመሪያ ልኩ ይስተካከል፣ ከዚያ ገንዘብ ካላት ቅርጹን ትምረጥ። በዚህ ቅደም ተከተል አልከራከርም።

እህቴ፣ ሕጉን በተመለከተ፦ በፈረንጅ ከጥር 2016 ጀምሮ የተከለከለው ክለቡን ሆን ብሎ ሰውነት ላይ ደግፎ መምታት ነው። እግረ መንገዱን ልብስሽን ወይም ሆድሽን ቢነካ ሕግ አልጣስሽም። ያስቸገረሽ ሆዱ ነው እንጂ ዳኛው አይደለም።

አሁን ልኩ። ማታ ጥበቃችሁን ጋሼን አስቸግሪያቸው፣ ውጤት ከመጠየቅ ይለካሉ። በምትጫወቺበት ጫማ ቁሚ፣ ታኮ አውልቂ። ከወገብሽ ዝቅ ብለሽ እጆችሽን ዝም ብለሽ ወደ ታች ልቀቂያቸው፣ ክርን ሳትከፍቺ። ኳሱን ከዓይንሽ ሥር አድርጊ፤ ለማረጋገጥ ከአፍንጫሽ አናት ሳንቲም ልቀቂ፣ ኳሱ ላይ ወይም ጣት ያህል ወደ አንቺ ቢወድቅ ጥሩ ነው። ከዚያ ፑተሩን ያዥው፣ በጣትሽ አትድረሺበት፣ እጆችሽ ያሉበት ቦታ ላይ ይምጣልሽ። ከላይኛው እጅሽ በላይ የተረፈውን ጋሼ በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ፣ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ተዪ። በቁመትሽ ከ81 እስከ 84 ሴንቲ የምትመጪ ይመስለኛል። መጀመሪያ ወደ ረጅሙ ቁረጪ፤ የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

የሚቆረጠው ከላይ ነው፣ ከእጀታው በኩል። ዘንጉን ማግኔት አስጠጊበት፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ውስጡ ባዶ ቧንቧ ማለት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ቧንቧ መቁረጫ ያለው ሰው አታጪም። ሴጌቶም ይሆናል፣ ግን ሲቆርጡ ጫፉ ስለሚሻክር በሞረድ ያለስልሱልሽ። ሰውየው «ምን ልትሠሪበት ነው?» ብሎ አይለቅሽም፣ ጊዜ ይዘሽ ሂጂ። እጀታውን ግን ሳይቀደድ ለማውጣት እዚያ አትስጪ፤ ብዙዎቹ በምላጭ ነው የሚሰነጥቁት። አሮጌ ከሆነ ይሰንጠቅ፣ አዲስ እጀታ ብቻውን ከውጭ ከሚመጣ ሰው ጋር ማስላክ ይቻላል፤ ከሙሉ ፑተር በጣም ይረክሳል። ገና ደህና ከሆነ በእጀታውና በዘንጉ መሐል በመርፌ ቲነር እያስገባሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፣ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ሰው የሚረሳው። ዘንጉ ሲያጥር የፑተሩ ራስ ክብደት በእጅሽ ላይ ይቀላል። ግራሙ ያው ነው፣ ስሜቱ ነው የሚቀለው። በተለይ ክረምት ላይ ሣሩ ሲከብድና ኳሱ ሲዘገይ ይህ ያናድዳል፣ ትመቺና አጋማሽ ላይ ይቆማል። መፍትሔው ጎሚስታ ቤት ነው። ለጎማ ባላንስ የሚለጥፏት እርሳስ አለች አይደል፣ በአምስት በአምስት ግራም የተከፋፈለች? ከፑተሩ ሥር ለጥፈሽ ሞክሪ፣ በ10 ግራም ጀምሪ። እኔ የማውቃቸው ጎሚስታዎች አሮጌ ካላቸው ገንዘብ አይጠይቁሽም። ይህ ክብደቱን ለማግኘት ነው፤ ውድድር ከገባሽ ለኮሚቴው አስቀድመሽ አሳዪ፣ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አትነካኪው።

ቀኝ እጅ፦

እሺ ተረታሁ አልልም፣ ግን ጎሚስታውን እሞክረዋለሁ።

ሒሳብ ሹሟ፦

ጥበቃው ጋሼ ለኩልኝ! 82 ከምናምን መጣ፣ 84 ላይ አስቆርጣለሁ። እጀታውም በቲነር ወጣ፣ ክፍሉ እስከ ዛሬ ይሸታል፣ ዛሬ ጠዋት አለቃዬ «ቀለም ቀባችሁ እንዴ?» ብሎ ገባ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ስመልሰው በምን ላጣብቀው?

የድሮ ካዲ፦

በኮላ አታጣብቂው፣ ሌላ ጊዜ አይወጣልሽም። በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ዘንጉ ላይ ጠቅልዪ፣ ላዩን በቲነር አርሺው፣ እጀታው ውስጥም ትንሽ አፍስሺና የአየር ቀዳዳውን በጣትሽ ይዘሽ አንቀጥቅጪው፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ግፊው። ደቂቃ አይሰጥሽም፣ ይይዛል።

ከመግፋትሽ በፊት ግን እጀታውን እዪው። የፑተር እጀታ እንደሌላው ክለብ ክብ አይደለም፣ ከፊት በኩል ጠፍጣፋ ነው፣ አውራ ጣቶችሽ የሚያርፉበት። ያ ጠፍጣፋው ከፑተሩ ፊት ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ትንሽ ዞሮ ከተጣበቀ አውራ ጣትሽን ባስቀመጥሽ ቁጥር ፊቱን እያጣመምሽ ነው የምትይዢው፣ ያ ግራ ተመልሶ ይመጣል። ፑተሩን የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ፊቱን አስደግፈሽ አቁሚ፣ ከላይ ሆነሽ በአንድ ዓይን እያየሽ አስተካክዪው፣ ቲነሩ ሳይደርቅ።