የ12ኛ ክፍል ፈተና መጥበቁ ትምህርቱን ያድነዋል ወይ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የማለፊያ ነጥቡን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንዳንዱ "ጥብቅነቱ ፍሬ እያፈራ ነው" ይላል። ሌላው "ልጆቹ ባላጠፉት ጥፋት እየተቀጡ ነው" ይላል። እናንተስ? ስድብ አይፈቀድም።

የፊዚክስ መምህር (ሁለተኛ ደረጃ)፦ ጥብቅነቱን እደግፋለሁ። የድሮውን የረሳችሁ ካላችሁ ላስታውሳችሁ። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተዘራ፤ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር ልጁ "ቲቸር፣ መልሱ እኮ ይመጣል" የሚል ፊት ያሳየኝ ነበር። የሚጎዳው ማን ነበር? ሌሊት አምሽቶ ያጠናው ልጅ ነው። ዛሬ ተማሪዎቼ ራሳቸው ቲቶሪያል ይጠይቁኛል። ውጤቱም ከ3.3 ወደ 8.4 ወጥቷል። ይህን ማፍረስ ኃጢአት ነው።

ሪሚዲያል (ማለፊያውን ላላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) የተማርኩ፣ ከገጠር ወረዳ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቁጥሩን ሙሉውን እንየው። በ2014 የተፈተነው ወደ 897 ሺህ ተማሪ ነው። በ2017 ወደ 586 ሺህ። ያለፈው ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ ማደጉ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ግን ከ300 ሺህ በላይ ተፈታኝ ቀንሷል። እነዚህ ልጆች የት ሄዱ? አማራ ክልል ውስጥ በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናውቃለን። ያልተፈተነ ልጅ "ወደቀ" ተብሎ አይቆጠርም።

የእኛ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ የሒሳብ መምህር አልነበረውም። አዲሱ መጽሐፍ የደረሰን በፒዲኤፍ ነው። ስልክ ያለው ያነባል፤ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ይገለብጣል። ከኛ ማንም አላለፈም። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ያ ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው?

የተማሪ እናት፣ አዲስ አበባ፦ የኔ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ የግል። ማታ ማታ አብረው ያጠናሉ። የኔዋ 7ኛ ክፍል ሆና እንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው። ለአስተማሪዋ ስነግራቸው "ክፍሉ ውስጥ ብዙ ናቸው፣ ለብቻዋ ላግዛት አልችልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ ምን ላድርግ? አስጠኚ ልቅጠር ብል ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም።

የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፦ እህቴ ክርክሩን ቦታው ላይ አደረሱት። የሁላችሁም ጭቅጭቅ 12ኛ ክፍል ላይ ነው። እኔ 2ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ ከዚያ ልጀምር።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በገዛ ቋንቋቸው! በ2014 ተፈትነው ወደቁ የምንላቸው የእነዚያ ልጆች ታናናሾች ናቸው። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ ከ10 ዓመት ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ይህን ልጅ 9ኛ ክፍል ስታደርሰው ፊዚክስና ኬሚስትሪውን በእንግሊዝኛ ትሰጠዋለህ። በምን አቅሙ ይከተልህ?

እንዴት እዚያ ደረሰ ብትሉኝ፣ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይወድቅ አደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ተከታታይ ምዘና ይደረጋል፣ የደከመው ይታገዛል የሚል ነበር። ማሳለፉ ተተገበረ፣ ማገዙ ቀረ። ሰልፍ ኮንቴይንድ ስለሆንኩ ሁሉንም ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ። የደከመውን ለይቼ የማግዝበት ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ የለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2011 በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ልጁ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በኋላ እውነቱን የሚሰማው 12ኛ ላይ ነው። በ18 ዓመቱ "አታነብም" ብትለው ምን ይጠቅመዋል?

ሌላም አለ። ለብዙ ዓመት ወደ መምህራን ኮሌጅ የተላከው 10ኛን ጨርሶ መሰናዶ ያልገባው ነው። እኔም 10+3 ነኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን አገሩ ለትንንሾቹ ልጆች የመደበው ሌላው ዘርፍ ያልፈለገውን ነው፤ በዚያ ላይ ደመወዙ ወር አያደርስም። ጎበዝ ወጣት ለምን ወደዚህ ይምጣ?

የፊዚክስ መምህር፦ በሲሶው ልጅ ጉዳይ አልከራከርም፤ 9ኛ ክፍል ሲመጡ አያቸዋለሁ። ግን ይህን ያወቅነው ፈተናው ስለጠበቀ ነው። ኩረጃው ቢቀጥል ኖሮ ይህ ውይይት ራሱ አይኖርም ነበር።

የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፦ መምህር፣ ምዘናው በ2002 ተነግሯል አልኩዎት እኮ። የሰማ የለም። እንዲጠብቅ የምፈልገው 3ኛ ክፍል ላይ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የ3ኛ ክፍል ልጆቹ ምን ያህሉ እንደሚያነቡ በየዓመቱ ይፋ ያድርግ። ያላነበበው በክረምት ይታገዝ፤ ያገዘው መምህር ይከፈለው።

የተማሪ እናት፦ የኔዋ 3ኛ ክፍል ሳለች እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ያኔውኑ አውቅ ነበር። የሪፖርት ካርዷ ሁሌም "ተዛውራለች" ነው የሚለው።

የፊዚክስ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። የ12ኛው ማለፊያ 50 በመቶ ግን አይነካ።

ሪሚዲያል የተማርኩ፦ 50ው ይቀነስ ያለ የለም፣ መምህር። እኔ የምለው፣ የሒሳብ መምህር ሳይመደብለት የተፈተነ ትምህርት ቤት ውጤት ሲነገር፣ መምህር ያልመደበው ቢሮም አብሮ ስሙ ይነሣ።