ሦስት የሕፃናት መቀመጫ ጎን ለጎን የሚይዝ የቤተሰብ መኪና

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ልጆች አሉን፤ ታላቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው ሦስት ዓመት ሞልቶታል፣ ትንሿ ገና የአራት ወር ሕፃን ናት። ያለችን ቪትዝ ለሁለት የሕፃን መቀመጫ በቂ ነበረች፤ ሦስተኛው ሲጨመር ግን በሩ አይዘጋም። የባለቤቴ ወላጆች የሚኖሩት ደብረ ሲና በመሆኑ ጣርማበርን አቋርጠን ደጋግመን እንወርዳለን። መንገዱን የምታውቁ እንደምትረዱኝ፣ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው ተሳቢ እንኳ በማይለይበት በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ልጅ ታቅፎ መሄድን ልቤ አይቀበለውም፤ ዘመዶቻችን «እኛስ እንዲሁ አይደል ያደግነው?» ቢሉም።

መኪናዋን ሸጠን ጥቂት ጨምረን ያገለገለ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር ወይም ሱዙኪ ኤርቲጋ ለመግዛት አስበናል። ደላሎችን ስጠይቅ «ሰፊ ነው፣ አምስት ሰው ያለ ችግር ይይዛል» ከማለት አያልፉም። አምስት ሰው መያዝና ሦስት የሕፃን መቀመጫ በአግባቡ አጥብቆ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ግን ከራሳችን መኪና አይቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እናት፣ መሐል ሜዳ

እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኛም ሦስት ልጆች በራቭ ፎር ይዘን ከመንዝ አዲስ አበባ የምንመላለስ ስለሆነ ጥያቄሽ የእኔም ነበር።

መጀመሪያ የመኪናውን ሳይሆን የመቀመጫዎቹን ስፋት ለኪ። ብዙዎቹ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው ሦስቱ ሲደመሩ ከ130 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ። የኮሮላም ሆነ የራቭ ፎር የኋላ ወንበር በትከሻ ከፍታ ሲለካ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆንና የሚበቃ ይመስላል፤ ታች በመቀመጫው ከፍታ ግን የበሩ የክንድ ማሳረፊያ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ቦታው በእጅጉ ይጠባል። ስለዚህ ሜትሩን በሮቹን ዘግተሽ፣ ልጆቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ ዘርጊው። የመኪናው የውጭ ስፋት ምንም አይነግርሽም።

ቦታ የሚገኘው በአደራደሩም ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሰረው የሕፃን መቀመጫ ሰፊው ክፍሉ ወደ ፊተኛው ወንበር የቀረበ ነው፤ ፊቱን ወደ ፊት የሚያዞረው ደግሞ ሰፊው ክፍሉ ከኋላ መደገፊያው ጋር ነው። እየተፈራረቁ ሲቀመጡ የአንዱ ሰፊ ክፍል በሌላው ጠባብ ክፍል አጠገብ ስለሚውል፣ በስሌት የማይገቡ የሚመስሉት ሲገቡ ይታያል። እኛ ትንሹን ፊቱን ወደ ኋላ አድርገን መሐል ላይ፣ መካከለኛዋን ከሾፌሩ ጀርባ፣ ታላቁን በከፍታ መቀመጫ (የመኪናው ቀበቶ በትክክል እንዲያልፍበት ልጁን ከፍ በሚያደርገው) ከጋቢናው ጀርባ አደረግን። ታላቁ ቀበቶውን ራሱ ስለሚያስር እጁ መቆለፊያው ጋ መድረስ አለበት፤ ሲወርድም በእግረኛው በኩል ይወርዳል። ጀርባ የሌለው የከፍታ መቀመጫ ቦታ ስለሚቆጥብ ያጓጓሻል፤ ነገር ግን በአዲሱ የአውሮፓ ደንብ የተፈቀደው ቁመቱ 125 ሴንቲ ሜትር ለደረሰ ልጅ ስለሆነ የስድስት ዓመት ልጅሽን አስቀድመሽ ለኪያት።

ውጭ አገር ዘመድ ካለሽ መኪናውን ከመቀየር ይልቅ ጠባብ መቀመጫ ማስመጣት በብዙ ይረክሳል። ለምሳሌ ዲዮኖ ራዲያን የሚባለው 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ጎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከጎረቤቱ ጋር አይጋፋም።

መልስ፦ የመኪና መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን

እኅታችን፣ ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ከሙያዬ የማየውን ልጨምር።

በአገራችን ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ቆዳ ለብሶ ነው የሚገኘው። ልብሱን የሰፋው ሰው ለመሐለኛው ቀበቶ መቆለፊያ ቀዳዳ ሳይተው ቀርቶ መቆለፊያው ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ ሲቀር አያለሁ። ባለቤቱም መሐል ላይ የሚቀመጥ ሰው ታስሮ ስለማያውቅ አላስተዋለውም። እጅዎን በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል አስገብተው ሦስቱንም መቆለፊያዎች ያውጡ፤ ሦስቱንም ቀበቶዎች እስከ መጨረሻው ስበው ይልቀቁ፤ ተመልሶ የማይጠቀለል ቀበቶ ያለበትን መኪና እስኪጠገን ድረስ አይቀበሉ።

ቀጥሎ የመሐለኛውን ቀበቶ ዓይነት ይዩ። በቀደሙት ኮሮላዎች ላይ መሐለኛው ወገብ ላይ ብቻ የሚያልፍ ነው። በከፍታ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ልጅ በወገብ ቀበቶ ብቻ መታሰር የለበትም፤ በግጭት ጊዜ የላይኛው አካሉ ያለ መያዣ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ቀበቶውም ሆዱን ይጎዳል።

አይሶፊክስ የሚባለው የብረት ማያያዣ በአብዛኞቹ መኪኖች በሁለቱ ዳርና ዳር ብቻ ነው ያለው። ጥንዶቹ ብረቶች 28 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በቋሚነት የተበየዱ ስለሆነ መቀመጫውን ወደ በሩ አስጠግቶ ለመሐለኛው ቦታ መልቀቅ አይቻልም። በቀበቶ የታሰረ ግን ጥቂት ሊጠጋ ይችላል። ለሦስት መቀመጫ ሲባል በቀበቶ ማሰር ከደህንነት መጉደል አይደለም፤ መመሪያው እንደሚለው እስከተጠበቀ ድረስ ሁለቱም ይሠራሉ።

ከሦስቱ መኪኖች እኔ ኤርቲጋን እመርጥልዎታለሁ። ስፋቱ ከራቭ ፎር ያነሰ ቢሆንም ሰባት ወንበር ስላለው ሦስቱን በአንድ ረድፍ ማጨናነቅ አያስፈልግም፤ ሁለቱ በመካከለኛው ረድፍ፣ ታላቋ በመጨረሻው ይቀመጣሉ። ሁለት ነገሮች ግን ይወቁ፦ በመካከለኛው ረድፍ ዳርና ዳር መቀመጫ ከታሰረ በኋላ ወንበሩን አጥፎ ወደ ኋላ መግባት ስለሚያስቸግር ልጅቷን በኋላ በር ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል፤ የመጨረሻው ረድፍ ሲዘረጋም የዕቃው ቦታ ይጠፋል። ከደብረ ሲና ጤፍ ጭነው የሚመለሱ ከሆነ ፖርቶመጋላ ያለው ይፈልጉ። ሰባት ሰው ጭኖ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣም ሞተሩ መዝገሙ አይቀርም።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በገበያ ላይ ያለው እዚሁ የሚዞረው ብቻ ስለሆነ ዋጋው ተወዷል፤ ሻጭም አይለመጥም። ቢሆንም ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሦስቱንም መቀመጫዎች ይዘው ሄደው መኪናው ውስጥ አስረው ይሞክሩ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ይተዉት።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለቤቴ ትንሿን በመቀመጫዋ ጋቢና ብናደርጋት ኮሮላው ይበቃናል ይላል። ይህ ይቻላል?

መልስ፦ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት

እኅቴ፣ ጋቢናው ኤርባግ ካለውና ካልጠፋ ፈጽሞ አይቻልም። ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ የተቀመጠች ሕፃን ጭንቅላቷ ያለው ኤርባጉ በሚፈነዳበት በኩል ስለሆነ በቀላል ግጭት እንኳ ለሞት ሊያበቃት ይችላል። ባለቤትሽ ኤርባጉ በቁልፍ የሚጠፋ መሆኑን በመኪናው መመሪያ ሳያረጋግጥ አያድርገው፤ ቢጠፋም የኋላው ወንበር የተሻለ ነው። ደግሞም ልጅቷን ፊቷን ወደ ፊት ለማዞር አትቸኩሉ፤ የአውሮፓው ደንብ ከ15 ወር በፊት አይፈቅድም፣ መቀመጫው የሚችለው ቁመትና ክብደት እስኪሞላ ብትቆይ ደግሞ አንገቷን የበለጠ ይጠብቅላታል።

ደብረ ብርሃን ስለሆናችሁ ስለ ብርዱም ላሳስብሽ። ልጆቹን ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ በላዩ ላይ አትሰሩ፤ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲጨመቅ ክፍተት ይፈጠርና ልጁ ሊያመልጥ ይችላል። በስስ ልብስ አስራችሁ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ከማሰሪያው በላይ አልብሷቸው። ማሰሪያውን በትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ እጥፋት መያዝ ከቻልሽ ገና አልጠበቀም። መቀመጫውንም ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘሽ ስትነቀንቂው ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፈትተሽ እንደገና እሰሪው፤ ሦስት ሲደረደሩ አንዱ ሌላውን ገፍቶ የሚያላላው ብዙ ጊዜ መሐለኛውን ስለሆነ፣ ይህን ሙከራ ሦስቱም ከታሰሩ በኋላ ከመሐለኛው ጀምሪ።