«ቄሳር» ወይስ «ሲዘር»? በአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት የቱ ይጻፍ?

አወያይ፦ ስለ ሮም በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ «ዩልዮስ ቄሳር» ይላል፣ ሌላው «ጁሊየስ ሲዘር»። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜ አለ። አርታኢ የቱን ይያዝ? እባካችሁ እያንዳንዱ አስተያየት ምክንያቱን ይዞ ይምጣ። ዓመቶችን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ።

ተርጓሚው፦ እኔ «ሲዘር» ባይ ነኝ። ተማሪው ስሙን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ መጽሐፍና በፊልም ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግም የሚጽፈው እሱኑ ነው። «ቄሳር» ሲባል ደግሞ የአንባቢው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ወንጌል ይሄዳል። «የቄሳርን ለቄሳር» በተባለበት ጊዜ የነገሠው ጢባርዮስ እንጂ ዩልዮስ አልነበረም። ሁለት ሰው በአንድ ስም ይምታታል።

ልሳነ ግዕዝ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም እኮ ቄሳር ነበሩ! ቃሉ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ነው። ዩልዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ሲገደል በኑዛዜው ልጁ ያደረገው ኦክታቪያን (ኋላ አውግስጦስ የተባለው) ስሙን ወረሰ፤ እሱም ጢባርዮስን ልጁ አድርጎ አወረሰው። በ41 ዓ.ም. የነገሠው ቀላውዴዎስ ግን በልደትም በጉዲፈቻም የማይገባውን ስም ለራሱ ወሰደ። ኔሮን በ68 ሞቶ ቤተሰቡ ሲያልቅ ስሙ ማዕረግ ሆኖ ቀረ። «ሲዘር» ብለን ከጻፍን ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ የሉቃስ ወንጌሉ «አውግስጦስ ቄሳር» ከዩልዮስ ጋር ዝምድና ያለው መሆኑ ለአንባቢው አይታየውም።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ደግሞ፣ ዩልዮስ በሕይወት ሳለ ሮማውያን የሚሉት «ካይሳር» ነበር። ግሪኮች ስሙን በካፓ፣ ማለትም በ«ክ» ፊደላቸው፣ ጀምረው «ካይሳር» ብለው መጻፋቸው ምስክር ነው። ቆይቶ ግሪክኛው «አይ»ን ወደ «ኤ» ለወጠ። ሶርያውያንም «ቄሳር» አሉ፣ ዐረቦችም «ቀይሰር»። በግዕዝ «ከ» ሳይሆን «ቀ» መሆኑ የጸሐፊ ስሕተት አይደለም። ግዕዝ የግሪክን ካፓ ብዙውን ጊዜ በ«ቀ»፣ ትንፋሽ ያለበትን ኪ የተባለ ሌላ ፊደል በ«ከ» ይጽፋል፤ «ማርቆስ» በቆ፣ «ክርስቶስ» በክ የተጻፉት ለዚህ ነው። «ፊልጶስ» ላይም ያው ሥርዓት ይታያል፦ ትንፋሽ ያለበት ድምፅ በ«ፈ»፣ የሌለበት በ«ጰ»።

ከፍራንክፈርት፦ መምህር በተናገሩት ላይ ልጨምር። ጀርመንኛው «ካይዘር»፣ ሆላንድኛው «ኬይዘር»፣ ፊንላንድኛው «ኬይሳሪ» ሁሉም «ክ»ን ይዘዋል። የጀርመን ነገዶች ከሮም ጋር ድንበር ይጋሩ ስለነበር ቃሉን የወሰዱት ላቲኑ ራሱ ሳይለወጥ ነው። ኋላ ላይ በላቲን «ኢ» እና «ኤ» ፊት የሚመጣው «ክ» ወደ ምላስ ፊት ተሳበ። የእኛ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፦ «ክፈት» ለሴት ሲሆን «ክፈቺ» ይሆናል፤ «ት»ን ወደ «ች» የጎተታት ተከታይዋ «ኢ» ናት። በዚህ መንገድ ጣሊያኑ «ቼዛሬ»፣ ፈረንሳዩ «ሴዛር» አለ። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ካሴሬ» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ እሱን ጥሎ ከፈረንሳይኛና ከመጽሐፍ ላቲን እንደገና ተዋሰ። ከዚያ ረጅሙ «ኤ» ወደ «ኢ» ሲወጣ «ሲዘር» ተባለ። ስለዚህ «ሲዘር» የሚለው አጠራር ከሮማው ሰው ሁለት ለውጥ ርቆ ነው የቆመው፤ «ቄሳር» ለዋናው ይቀርባል።

ተርጓሚው፦ የድምፁን ነገር ተቀብያለሁ። ሆኖም አንባቢ የሚፈልገው የጥንቱን አጠራር ሳይሆን የሚያውቀውን ስም ነው። ቢያንስ በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው የስሞች ዝርዝር «ሲዘር፦ ቄሳርን ይመልከቱ» ይባል።

የታሪክ መምህርት፦ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን «ቄሳር» ይሁን ያላችሁ ሰዎች አንድ አደጋ እንዳትረሱ። ቃሉን ሁልጊዜ «ንጉሠ ነገሥት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ዲዮቅልጥያኖስ በ293 ሥልጣኑን ለአራት ሲያከፋፍል ዋናዎቹ ሁለቱ «አውግስጦስ»፣ ምክትሎቹ ሁለቱ «ቄሳር» ተባሉ። ገሌርዮስ በ293 ቄሳር ሆነ፣ አውግስጦስ የሆነው በ305 ነው። በመካከሉ ያሉትን 12 ዓመታት «ንጉሠ ነገሥት ገሌርዮስ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የሥልጣን ተዋረዱን ያጠፋዋል። የላቲን ልጆች የሆኑት ቋንቋዎችም ለንጉሠ ነገሥት ሌላ ቃል ነው የያዙት፤ ጣሊያኑ «ኢምፔራቶሬ»፣ እስፔኑ «ኤምፔራዶር» ይላል፣ ሁለቱም ከጦር አዛዥ ማዕረግ የመጡ ናቸው። «ቼዛሬ» ጣሊያን ውስጥ የወንድ ስም ነው። ማዕረጉ የጸናው በተዋሱት ሕዝቦች ዘንድ ነው።

ከፍራንክፈርት፦ ልክ ብለሻል እህቴ። ስላቮችም ከእነዚያው ናቸው። «ክ»ው በእነሱ አፍ ወደ «ጽ» የቀረበ ድምፅ ሆኖ «ጸሳር»፣ ሲያጥር «ጻር» ሆነ። የሩሲያው ኢቫን 4ኛ በ1547 በዚህ ስም ዘውድ ጫነ፤ ጴጥሮስ 1ኛ ደግሞ በ1721 «ኢምፔራቶር» የሚለውን ወሰደ። ፖላንዳውያን ለሮማው አንድ ቃል፣ ለሩሲያው ሌላ አላቸው። እኛም «የሩሲያ ዛር» ማለታችንን ብንተው ደስ ይለኛል፤ «ዛሩ ተቆጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ አንባቢ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። «ጻር» እንጻፍ።

ልሳነ ግዕዝ፦ «ጻር» ደግሞ «ጻዕር»ን ይመስላል፣ የሞት ጣርን። የሩሲያውንም «ቄሳር» ብንለው ምን ይጎድልብናል? ቃሉ አንድ ነው።

የታሪክ መምህርት፦ ጴጥሮስ በ1721 የቀየረው ማዕረግ ይጎድልብናል፣ መምህር። ቀድሞውንም «ቄሳር» ካልነው፣ ለምን «ኢምፔራቶር» መባልን እንደፈለገ ለተማሪ ማስረዳት ይቸግራል። ለሩሲያ «ጻር» ይሁን እላለሁ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ገጽ ትርጉሙ በአንድ መስመር ተጽፎ።

ተርጓሚው፦ ለሮማው «ቄሳር» ይሁን፣ እስማማለሁ። በሩሲያው ላይ ግን «ዛር»ን አልለቅም፤ አንባቢ ለምዶታል፣ ከፊቱ «የሩሲያ» የሚል ካለ ማንም አይሳሳትም።